ለሽታዬ ያጎደልኩላት ኪሎ

መቼ እንደጀመርኩት በትክክል አላስታውስም። መስከረም ይሁን ኅዳር እርግጠኛ አይደለሁም። ዝናቡ እንዳቆመ አውቃለሁ፤ ሚዛኔን የምሸፍንበትን ላስቲክ አጥፌ መቀመጫ ዱካዬ ላይ አነጥፈው ነበርና። ከዚያ ያለፈውን አልያዝኩትም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ብዙ ነገር ይረሳል፣ ማንም አይቆጣውም። ይሄኛውን መርሳቴን ግን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኝ ከርሜአለሁ።

ሽታዬ አርፋለች። የነገረችኝ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት። ቅዳሜ ነበር። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፣ ሽታዬ አልመጣችም። ሱቋ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዝግ ነው፤ መጋረጃ ልትሰቅል ሰው ቤት የሄደች መስሎኛል። ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ አልሰሙም እንዴ? የመጋረጃዋ ሴትዮ እኮ ሐሙስ ዕለት አረፈች።»

እጄ ሚዛኑ ጎን ላይ ነበር። ለእሷ እያዘጋጀሁት ነበር። ምን እያዘጋጀሁ እንደነበር ከመናገሬ በፊት ግን እሷን ላሳውቃችሁ።

እኔ ሃያ ሁለት አካባቢ መንገደኛ የምመዝን ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በወዛደርነት ነው፤ ወገቤ እምቢ ሲል ልጄ ይቺን ሰው ላይዋ የሚቆምባትን ትንሽ ሚዛን ገዛችልኝ። ጠዋት ከየካ አባዶ በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ካርቶን አነጥፋለሁ፣ ሚዛኔን አስቀምጬ ዱካዬ ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ይወጣል፣ ቁጥሩን አይቶ ይወርዳል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ፎቶ ያነሳል። አንዳንዱ «ይሄ ሚዛን ተበላሽቷል አባባ» ብሎኝ ይሄዳል።

ሽታዬ ከእኔ ሁለት በር አለፍ ብሎ መጋረጃ ትሰፋ ነበር። የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። የሲኤምሲን ቪላዎች፣ የቦሌን አፓርታማዎች መስኮት የምታለብሰው እሷ ነበረች። ሰፋ ያለች ሴት ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ስትነሳ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ተደግፋ ነው። አንገቷ ላይ ቢጫ የልብስ ሜትር ሁልጊዜ አለ፤ አንድ ጊዜ እንደውም ሰርግ ቤት አንጠልጥላው ሄዳ ሙሽራዋ እንዳወለቀችላት ነግራኛለች። ደንበኛ መጥቶ ስለ ሶፋው ቀለም፣ ስለ ሚስቱ ምርጫ፣ ዱባይ ስላየው ቤት ሲያወራባት እጇን ታነሳና፣ «ልኩን ንገሩኝ፣ ሌላውን እኔ እሰፋዋለሁ» ትለዋለች። ሰውየው ዝም ይላል።

በሁሉም ነገር እንዲያ ነበረች። አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ መጥታ ከፀሐይ የምከለልበትን ጃንጥላዬን ለካችው። «ምን ልታደርጊው ነው?» ብላት፣ «ዝም ብለው ይያዙልኝ» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ለጃንጥላው ልባስ ሰፍታ አመጣች፤ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት። ሃያ ሁለት ላይ አበባ በአበባ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሽማግሌ እኔ ብቻ ነበርኩ። የታክሲ ረዳቶቹ «ሙሽራው» ይሉኝ ጀመር። እሷ ይሄን ስትሰማ ከሱቋ ሆና እስክትንፈራፈር ትስቃለች።

በሐምሌ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ጃኬት ደርቦ፣ ሽታዬ ከሱቋ ትወጣና ግንባሯን የበሩ ብረት ላይ ትለጥፋለች።

«ምነው ሽታዬ?»

«መጣ ጋሼ፣ እሳቱ መጣ። አሁን ይሄዳል።»

ፊቷ ይቀላል፣ ላቡ ከአንገቷ ይወርዳል፣ ሜትሩ ይረጥባል። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ብርድ ብርድ ብሏት ጋቢዋን ፍለጋ ትገባለች። እኔ ወባ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ይሄንኑ ስነግራት፣ «ወባስ መድኃኒት አላት፤ ይሄ ዕድሜ ነው» አለችኝ።

የምታውቃት ሴት በዚያ ስታልፍ፣ «ኧረ ሽታዬ፣ ተመችቶሻል!» ትላታለች። በእኛ አገር ይሄ ምርቃት ነው፤ ሰው ወፍሮ ሲታይ ደስ ብሎት ነው የሚናገረው። ሽታዬ ትስቅላቸዋለች። ሴቶቹ ሲርቁ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ምኑ ነው የተመቸኝ ጋሼ?» ትላለች። «ከልጄ ያነሰ ነው የምበላው። ሆዴ ብቻውን ማደግ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ተደብቄ የምበላ ይመስላቸዋል እኮ።»

በዚያው ሐምሌ ጤና ጣቢያ ሄደች። ስትመለስ ሱቋን ሳትከፍት ቀጥታ እኔ ጋ መጥታ፣ ዱካዬን ለቅቄላት ተቀመጠች።

«ሲስተሯ ምን አለችኝ መሰልዎት? ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሊቆም ሲል ሆርሞን የሚባለው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል አለችኝ። ድሮ ስቡን ዳሌ ላይ፣ ጭን ላይ እያከፋፈለ የሚያስቀምጠው እሱ ነበር። እሱ ሲሄድ ሁሉም ሆድ ውስጥ ይገባል። የሆድ ስብ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ስኳሩን ያዛባል፣ ግፊቱን ይጨምራል። እሳቱ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይርበዋል።»

በእኛ ዘንድ ሴት ስለ ወር አበባዋ ከወንድ ጋር አታወራም። አፍሬ ወደ መንገዱ ዞርኩ። እሷ ግን የመስኮት ልክ እንደምትናገር ነው የምትናገረው።

«እና ምን ይሻላል አለችሽ?» አልኳት ወደ መንገዱ እያየሁ።

«ስንፍና አይደለም አለችኝ።» ሜትሩን አንገቷ ላይ አስተካከለች። «ሌላውን ሁሉ ይተዉት ጋሼ። ስንፍና አይደለም አለችኝ። ይሄን ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።»

ሌላውም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ስኳሯ ድንበሩ ላይ ነው፣ ግፊቷም ከፍ ብሏል ተብላለች። እንድትራመድ፣ ዳቦና ድንች እንድትቀንስ፣ በየሳምንቱ እንድትመዘን፣ ወገቧንም እንድትለካ ነግረዋታል። ጥቅምት ላይ ለደም ምርመራ ቀጥረዋታል፤ ኪሎዋ አልቀንስ ካለ ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቅ እንድትመጣ፣ ያኔ ኪኒን ይጀመርላታል ተባለች። ኪኒኑን አልወደደችውም። እናቷ በስኳር ነው የሞተችው፤ ኪኒን የጀመረ ሰው ወደዚያው የሚሄድ ይመስላታል። «ልቀንስና አሳያታለሁ» አለችኝ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ወጣች። ዘጠና ስድስት።

ያቺ ሴት የለፋችውን ልፋት ያየሁት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ሱቋን ዘግታ ታክሲውን ትታ እስከ ገርጂ በእግሯ ትሄዳለች። እግሯ ሲያብጥ ጠዋት በነጠላ ጫማ ትመጣለች፣ ማታ ግን ደግሞ ትሄዳለች። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ፣ የምትቀምሰው ጎመን ነበር። ከጾሙ በኋላም ቀጠለች። አንድ ቅዳሜ መጥታ ወጣች። ዘጠና ሰባት።

ቁጥሩን አየችው። ወረደች፣ እንደገና ወጣች። ያው ነው። ከዚያ ጫማዋን ለማጥለቅ አጎንብሳ አልቀና አለች። እያለቀሰች ነበር። በዚያን ሰዓት አንዲት ወዳጇ በመኪና እያለፈች መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽታዬ! ተመችቶሻል እኮ!» አለቻት። ሽታዬ ቀና ብላ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ እጇን አውለበለበችላት።

ያንን ማየት አልቻልኩም። ይሄው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሚዛኔ ከጎኑ ጥርስ ያላት ትንሽ ሽክርክሪት አለችው። ቁጥሩ ዜሮ ላይ አልቆም ሲል በእሷ ነው የሚስተካከለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን ከዚያ በኋላ ባለው፣ ወይም ወር አልፎ፣ ይሄን ነው የማላስታውሰው፣ ሽታዬ ከመምጣቷ በፊት ሽክርክሪቷን ወደ ኋላ መለስ አደረግኳት። ሁለት ኪሎ ብቻ። ባዶው ሚዛን ከዜሮ በታች መቆሙ እንዳይታይ ኮፍያዬን ቁጥሩ ላይ ጣል አደረግኩ። ስትወጣ አነሳሁት።

«ዘጠና አምስት» አልኳት።

«ይዋሻሉ!»

«ይኸው፣ እይው።»

ጎንበስ ብላ አየች። ፊቷን ብታዩት! ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ካርቶኑ ላይ በባዶ እግሯ ዘለለች። ሻዩ ፈሰሰ። ያን ቀን ስትሰፋ እያንጎራጎረች ነበር፤ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔም ቤቴ ስገባ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ውሸት አንድ ጊዜ አይበቃውም። በሚቀጥለው ሳምንት መልሼ እውነተኛውን ባሳያት ሁለት ኪሎ በአንድ ጊዜ ልትጨምር ነው። ስለዚህ ጨመርኩበት። ስንት እንዳጎደልኩላት እንዳይጠፋኝ ሚዛኑን ገልብጬ ሥሩን በምስማር እጭር ነበር፤ ለአንድ ኪሎ አንድ ጭረት። ስትሄድ ለሌላው ሰው አስተካክላለሁ። ኮፍያውን እያየች፣ «ሚዛንዎ ባሏ የሞተባት ይመስል ፊቷን ትሸፍናለች» እያለች ትቀልዳለች፤ እኔም እስቃለሁ። ለጎረቤቱ፣ ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ ለደንበኞቿ ሁሉ አወራች። «ጋሼ ምስክሬ ናቸው» ትላለች። ጭረቶቹ ሰባት ደረሱ። ጤና ጣቢያውን አንድ ቀን ሳነሳባት፣ «ምን ልሠራ? እየቀነስኩ አይደል? በሰው ወረፋ ለምን እገባለሁ» አለችኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ሻዬን ጠጣሁበት።

ጥምቀት አልፎ ነው፣ ይሄን አስታውሳለሁ። በሳምንቱ መካከል፣ ቅዳሜ ሳይሆን መጣች። ቢጫው ሜትር በእጇ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሚዛን ቀነሰች ይላል። የእኔ ሜትር ወገቧ ሦስት ሳንቲ ጨመረ ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል።»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ዓይኗ ግን አይቀልድም። እውነቱን መናገሪያ በር ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር፤ እሷ ራሷ ነበረች የከፈተችልኝ። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«ሜትር እኮ ሲያረጅ ይለጠጣል። ጨርቅ አይደል? ስንት ዓመቱ ነው ይሄ?»

«ይለጠጣል?»

«አዎ፣ ይለጠጣል እንጂ። ለዚያ ነው ያሳሳተሽ።»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ሜትሩን ቀስ ብላ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

«እሺ» አለች። «እሺ ጋሼ።»

ቅዳሜ ስትመጣ አንገቷ ላይ አዲስ ነጭ ሜትር ነበር። ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ። አመነችኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላም አንድ ቅዳሜ አልቀረችም፤ ሻዩም፣ ጨዋታውም ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ነበር፣ ያኔ ልብ አላልኩትም፦ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ቁጥሩን አታይም። እኔን ነው የምታየኝ። እኔ ቁጥሩን ስናገር ፈገግ ትልና፣ «ደስ አለዎት?» ትለኛለች። «አንቺ ደስ ይበልሽ እንጂ» እላታለሁ።

ሚያዝያ ላይ ነው የሞተችው። ጠዋት ቤቷ ውስጥ ለሥራ ስትዘጋጅ ወደቀች፣ ሆስፒታል ወሰዷት፣ አልተረፈችም። ግፊቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም አፍስሷል ተባለ።

ለቅሶው ገርጂ ነበር። ድንኳኑ ጥግ ልቀመጥ ስገባ አንዲት ጎረቤቷ አየችኝና፣ «እኚህ አይደሉ ይመዝኗት የነበሩት?» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። ከፊት ቦታ ለቀቁልኝ። «እግዜር ይስጥልን አባባ፣ ሁሌ ስለ እርስዎ ነበር የምታወራው» አሉኝ። ሌላዋ ሴትዮ ደረቷን እየመታች፣ «ምን ጎደላት ብዬ ልናገር! ስንት ኪሎ ቀንሳ ነበር እኮ! እየዳነች ነበር እኮ!» ትላለች።

ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅኩ። ይሄን ስጽፍ እንኳ እጄ ይከብደኛል፤ ነቀነቅኩ።

ሽታዬ አንድ ልጅ ነበራት፣ ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋት። ጥቁር ለብሳ ምግብ የያዘ ሳህን አመጣችልኝ። ፊቴ ጎንበስ ብላ ሳህኑን ሳትለቅ ቆየች፣ አንድ ነገር እንድናገር የምትጠብቅ ይመስል። «ነፍስ ይማር» አልኳት። ሳህኑን ለቀቀችልኝ። ሳልቀምሰው ለጎኔ ሰው ሰጥቼ ወጣሁ።

እስከ አርባው ድረስ እንዴት እንደኖርኩ አላውቅም። ሃያ ሁለት መሄዱን አልተውኩም፣ ግን ሰው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ መናገር አቃተኝ፤ ራሳቸው ያንብቡት ብዬ ፊቴን አዞራለሁ። አርባው ካለፈ በኋላ የሱቁ በር ተከፍቶ አየሁ። ልጇ ነበረች። እናቷ ቀብድ የተቀበለችባቸውን መጋረጃዎች ልትጨርስ ከቢሮዋ ፈቃድ ወስዳለች። ገብቼ ቆምኩ። ተቀመጡ አለችኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ልጄ፣ እኔ እናትሽን ዋሽቻታለሁ» አልኳት። «አንድም ኪሎ አልቀነሰችም ነበር። ሚዛኑን ወደ ኋላ የምመልሰው እኔ ነበርኩ።»

መቀሱን አላስቀመጠችም። ጨርቁን እየቆረጠች፣ «አውቃለሁ» አለች።

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

«እማዬ ነግራኛለች። ለቅሶ ቤት ይናገራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።»

«እሷ… እንዴት አወቀች?»

መቀሱን አስቀመጠች። ከመሳቢያው ቢጫውን ሜትር አውጥታ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ወጠረችው።

«ሜትር ሲለጠጥ ቁጥሮቹ ይራራቃሉ አባባ። ስለዚህ የተለጠጠ ሜትር የሰውን ወገብ አሳንሶ ነው የሚናገረው፣ አስበልጦ አይደለም። እማዬ ከልጅነቷ ጀምራ ጨርቅ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ይሄን ለእሷ ነው የነገሯት።»

እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ደግሞም መማር የሚጠይቅ ነገር አይደለም፣ ትንሽ አስቤ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ያን ዕለት ረጅም ጊዜ ያየችኝ ለዚህ ነበር። የዋሸኋት እዚያው ፊቴ ቆማ እያወቀች ነው።

ልጅቷ ነገረችኝ። ያን ቀን ሽታዬ ሱቋን ዘግታ፣ አዲስ ሜትር ገዝታ፣ ሁለቱን ሜትር ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታለች። እኩል ናቸው። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ስኳሯ ድንበሩን አልፏል፣ ግፊቷ ደግሞ ሲስተሯን አስደንግጧታል። የግፊትም የስኳርም ኪኒን ጀመሩላት፤ ሳታቋርጥ ነበር የምትወስደው። ሦስት ወር ያህል ወሰደች።

«ታዲያ ለምን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር?» አልኳት።

«እኔም ጠየቅኳት። እንደውም ሄጄ ልጮህብዎት ነበር። ከለከለችኝ። ‹እውነቱን ሲስተሯ ትነግረኛለች፤ ቅዳሜን ለሽማግሌው ልተውላቸው፣ እንደ ሕፃን ነው ደስ የሚላቸው› አለችኝ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ጥቅምት ላይ ቀጠሮ ነበራት። አልሄደችም። መዋሸት የጀመሩት ከጥቅምት በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

አያችሁ፣ መርሳቴን ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው። በኋላ ከሆነ፣ ሽታዬ ቀጠሮውን በራሷ ትታዋለች ማለት ነው። በፊት ከሆነ ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ኪኒኑን ሦስት ወር ሙሉ ያዘገየሁባት እኔ ነኝ። ልጅቷ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። ከሚዛኑ ሥር ያሉትን ጭረቶች በልቤ ቆጠርኩ፤ ጭረት ቀን አይናገርም። በኋላ ነው ልላት ነበር። ማን ያውቅብኛል?

«አላስታውስም» አልኳት። «እውነቴን ነው። ብዙ ሞከርኩ፤ አላስታውስም።»

ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው አዞረች። «ዛሬ ይሂዱልኝ አባባ» አለች።

ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ልጄ አሞኝ መሰላት። ቀን ቀን የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ ወር እቆጥራለሁ፤ መስቀል ዕለት ምን ነበር ያወራነው? የኅዳር ሚካኤል ዕለትስ? አንዳንዴ በፊት ነው እላለሁ፣ አንዳንዴ በኋላ። ገደልኳት አልልም፤ ግፊቱም ስኳሩም ከእኔ በፊት የነበረ ነው። አልገደልኳትም ብሎ የሚያስተኛኝ ነገር ግን አላገኘሁም።

በአራተኛው ሳምንት ሚዛኑን ይዤ ሰፈራችን ካለ ባለ ሱቅ ዘንድ ሄድኩ። ሃያ አምስት ኪሎ የሩዝ ከረጢት ጫንንበትና አስተካከልነው፣ ሽክርክሪቷን በማጣበቂያ ደፈንኳት። ወደ ሃያ ሁለት ተመለስኩ። በሽታዬ ዕድሜ ያለች ሴት ስትመጣ አሁን እናገራለሁ፤ «እመቤት፣ ወገብሽንም ለኪ፣ ጤና ጣቢያም ብቅ በይ» እላለሁ። አንዳንዷ ታመሰግነኛለች፣ አንዳንዷ «ምን አገባዎት?» ትለኛለች። ልክ ናት፣ ግን እናገራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጥላዬ ሥር የሴት ጫማ አየሁና ቀና አልኩ። የሽታዬ ልጅ ናት። ሰላምታም የለ።

«ጫማዬን ላውልቅ?»

«እንደፈለግሽ።»

አወለቀችና ወጣች። እሷም ደልደል ያለች ናት። ቁጥሩ ተወዛውዞ ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰማንያ የምትለው ቃል አፌ ውስጥ ደርሳ ነበር። ልማድ ክፉ ነው። የሰው ፊት ሲከፋው ማየት አሁንም አልችልም።

«ሰማንያ ሁለት» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጎንበስ ብላ ራሷ አየችው። ሰማንያ ሁለት ነው። ፊቷ ቅር አለው፤ አልሸሸሁም፣ አየሁት። ወርዳ ጫማዋን አጠለቀች፣ ቁጥሩን ስልኳ ላይ ጻፈች።

«አልረሳሁትም አባባ» አለችኝ። «የምረሳውም አይመስለኝም። ግን በየሳምንቱ መመዘን አለብኝ፤ እርስዎ ይመዝኑኛል።»

ራሴን ዝቅ አድርጌ እሺ አልኳት።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አንዳንድ ጊዜ ቀንሳ፣ አንዳንድ ጊዜ ጨምራ፤ የሆነውን እነግራታለሁ። ብዙ አናወራም። ሽታዬን ያጠፋሁት እኔ ልሁን አልሁን ሳላውቅ እሞታለሁ። ይሄን ሳላውቅ ጠዋት ተነስቼ ከቤት እንድወጣ ያበረታችኝ፣ ሚዛኔን መዘርጋት እንዳልተው ያደረገችኝ ሰው ግን አንድ ናት፤ የሽታዬ ልጅ ናት፣ ሰላማዊት ትባላለች።